ዳንዲ ከቻለች ባሕር ዳር ምን ያንሳታል?

የክርክሩ ርዕስ፦ ባሕር ዳር የራሷን የቪዲዮ ጌም ስቱዲዮ ማፍራት ትችላለች። የሚደግፈው ከፖሊ (ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ) የተመረቀ ፕሮግራመር ነው። የሚቃወሙት ፔዳ በሚባለው ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ያላቸው ሰው ናቸው።

ፕሮግራመሩ፦ ጂቲኤ የሚባለውን ጌም የማያውቅ የባሕር ዳር ልጅ አለ? የሠራው ስቱዲዮ ግን የተወለደው ኒውዮርክ ሳይሆን ዳንዲ በምትባል የስኮትላንድ የወደብ ከተማ ነው። እዚያ የቲሜክስ ሰዓት ፋብሪካ ነበር፤ ዜድኤክስ ስፔክትረም የሚባለውን ኮምፒውተርም ያመርት ነበር። ዴቪድ ጆንስ ከዚያ ሥራ ሲለቅ በተከፈለው ገንዘብ አሚጋ የሚባል ኮምፒውተር ገዛ፤ ከኮምፒውተር ክለብ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ዲኤምኤ ዲዛይን የሚባለውን ይህንኑ ስቱዲዮ አቋቋመ። በ1991 (አቆጣጠሬ በፈረንጅ ነው) ሌሚንግስ የሚባለውን ጌም አወጡ። መነሻው ከጓደኞቹ አንዱ ማይክ ዴይሊ በምሳ ሰዓት 8 በ8 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ውስጥ ያስኬዳት ሚጢጢ ሰው ናት። 8 በ8! በ1997 ጂቲኤ ተከተለ። እኛም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለን፣ ፖሊም ከ1963 ጀምሮ አለ። ከጂቲኤዎቹ አንዱን፣ ሳን አንድሪያስን የሠሩት የዳንዲ ልጆች ናቸው፤ ገንዘብ አይደለም።

ባለጌም ቤቱ፦ የዳንዲ ልጆች አልክ? ሳን አንድሪያስ የወጣው በ2004 ነው። ስቱዲዮው ያኔ ዳንዲን ጥሎ ኤደንብራ ገብቷል፣ ስሙም ሮክስታር ኖርዝ ሆኗል። በ1997 ግሬምሊን ለሚባል የጌም ኩባንያ ተሸጠ፣ በ1999 የአሜሪካው ኩባንያ ቴክ ቱ ገዛው። ጆንስም ሄደ። ገንዘብ አይደለም ትለኛለህ! አንተ ስለ ስኮትላንድ ስትጽፍ እኔ ቤት መብራት ይጠፋል። 2 ለ 1 እየመራ የነበረ ልጅ "ብሬን መልስ" ብሎ አናቴ ላይ ይቆማል።

ፕሮግራመሩ፦ ጋሼ፣ ቤት ቀየሩ እንጂ ሰዎቹ መቼ ተቀየሩ? ጂቲኤ 3ን የመራው ሌዝሊ ቤንዚስ ከዲኤምኤ ዘመን ጀምሮ የነበረ ሰው ነው። ዳንዲም ባዶዋን አልቀረችም። አበርቴይ ዩኒቨርሲቲ በ1997 ጌም በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ማይንክራፍትን ለኤክስቦክስ 360 ያዘጋጀው 4ጄ የሚባለው ስቱዲዮም የዳንዲ ነው።

ባለጌም ቤቱ፦ ቤንዚስ የዳንዲ ልጅ ነው? የተወለደው አበርዲን ነው። "የዳንዲ ልጆች" ያልከው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም። ጆንስስ ዳንዲ ላይ ሪልታይም ወርልድስ የሚባል ስቱዲዮ ከፍቶ ምን ሆነ? ኤፒቢ የሚባል ጌም በ2010 አወጣ፣ በሁለት ወሩ ከሰረ። ስንት ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ! እዚህም የሠለጠነ ልጅ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከዚያ ደግሞ ውጭ።

ፕሮግራመሩ፦ እሽ፣ ልጆቹ ይሄዳሉ። ማን ያዛቸው? እርስዎ እንኳ ከትምህርት ቤት የቀረውን ሁሉ ሶፋ ላይ ደርድረው በጨዋታ ሒሳብ ሳንቲሙን ይለቅማሉ። ስለ ስደት እርስዎ ሊያስተምሩን!

ባለጌም ቤቱ፦ ሳንቲም ለቃሚ አልከኝ። ደግ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ከሰዓት በፊት እኔ ቤት አይገባም፣ ሰፈሩን ጠይቅ። እኔ ቤት የዋለ ልጅ ጫት ቤት አልዋለም። ስንቱን ከመንገድ አንስቼ ነው! በአውራ ጣት የሚገፋው አናሎጉ ብቻውን ወደ ግራ የሚሄድ ጆይስቲክ ሲመጣ ፈትቶ፣ ውስጡን ጠርጎ፣ የሞተውን ዕቃ ከሌላ ጆይስቲክ አውጥቶ የሚቀይር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለኝ። ማንም አላስተማረውም። ዲግሪህን ይዘህ አንድ ቀን መጥተህ አይተኸው ታውቃለህ?

ፕሮግራመሩ፦ እሱን ነው እኮ የምለው! የዳንዲው ክለብ የዚህ ዓይነት ልጆች ስብስብ ነበር። ይላኩልኝ፣ ኮድ አስተምረዋለሁ።

ባለጌም ቤቱ፦ በምን ኮምፒውተር?

ፕሮግራመሩ፦ በእኔ ላፕቶፕ። ቅዳሜ ይምጣ።

ባለጌም ቤቱ፦ ቅዳሜ ገበያዬ ነው፣ ጆይስቲክ የሚያይልኝ እሱ ነው። ሰኞ ይሁን። መብራት ካለ።