«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት ደማቸው ይታይ

በየካ አባዶም በሉት በቱሉ ዲምቱ፣ ከልጆቻቸው ጋር ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ብዙ እናቶች አሉ። ልጆች በጠዋት ታክሲ ለመሰለፍ ይወጣሉ፣ ማታ ደክመው ይገባሉ። እናት ነገር መደጋገም ሲጀምሩ፣ የጣዱት ወጥ ሲያርባቸው፣ መልሱ አንድ ነው፤ «እርጅና ነው፣ ጃጅተዋል»። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ጋ የሚወስዳቸው የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የሚታከም መርሳት አለ እኮ! አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን በጣም ሲያንስ የሰውነት ሥራ ሁሉ ይዘገያል፣ አእምሮም ጭምር። ሐሳብ ይንቀራፈፋል፣ ሰው ይረሳል፣ ይደብረዋል። ብርድ አይችልም፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ፊቱ ያባብጣል። አንድ የ70 ዓመት እናት ላይ ይህን ሁሉ ብታዩ ከእርጅና ሌላ ምን ትጠረጥራላችሁ?

እኛ አገር ደግሞ መጠርጠር አለብን። ዕጢው ሆርሞኑን የሚሠራው ከምግብ በሚገኝ አዮዲን ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ቀረ። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚለው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አዮዲን ሲጎድል ዕጢው ያብጥና እንቅርት ይመጣል፣ እንቅርታቸውን በኦፕራሲዮን ያስወጡ እናቶችም በየሰፈሩ አሉ። ዕጢው በሙሉ ከወጣ ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ክኒን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። «አሁንማ ድኛለሁ» ብሎ ያቋረጠ ሰው ሆርሞኑን ከየትም አያገኝም።

ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ነገሩን ይለያል። ሁሉም ጤና ጣቢያ ላይሠራው ይችላል፣ ግን ጠይቁ። ቢ12 የተባለው ቫይታሚን ሲያንስም መርሳት ስለሚያመጣ እሱንም አብራችሁ አሠሩ። ሌቮታይሮክሲን ከታዘዘ በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፣ ቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ፤ ቡና ክኒኑ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። አረጋውያን፣ በተለይ ልባቸውን የሚያማቸው፣ በትንሽ መጠን ነው የሚጀምሩት፣ ስለዚህ ከጎረቤት ተውሶ መስጠት አደጋ አለው።

ተስፋ አበዛሁ እንዳይባል፦ አብዛኛው የመርሳት በሽታ፣ አልዛይመርን ጨምሮ፣ በዚህ ክኒን አይድንም። ሆርሞኑ ለረጅም ጊዜ ጎድሎ ከቆየም ሁሉም ላይመለስ ይችላል። ታዲያ ለዚህ አይደል ቶሎ መመርመር ያለባቸው?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲመጡ አረጋውያንን ስለ እንቅርትና ስለ ኦፕራሲዮን ቢጠይቁ ምንም ወጪ የለውም። እናንተም ሐኪም ጋ ስትገቡ፣ እናታችሁ አንገታቸው ላይ የቆየ ጠባሳ ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ነጠላቸውን ተከናንበው ሲቀመጡ ሐኪሙ ላያየው ይችላል።