ዲጂታል ብር በመመሪያ አይታተም

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ናይጄሪያ ውስጥ ገንዘብ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ሌጎስ ውስጥ ጎህ ሳይቀድ ባንክ ደጅ የተሰለፈ ሰው ከቀትር በኋላ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚያም የክፍያ ማሽን ይዞ መንገድ ዳር ወደ ተቀመጠ ወኪል ይሄዳል፤ የገዛ ራሱን አሥር ሺሕ ናይራ በእጁ ለማስገባት አንድ ሺሕ፣ ሲብስም ሁለት ሺሕ ናይራ ኮሚሽን ይከፍላል። በሒሳቡ ገንዘብ አለው፤ ለአውቶቡስ የሚከፍለው ግን የለውም።

ነገሩ የተጀመረው ከአራት ወራት በፊት ነበር። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ ጎድዊን ኤመፊየሌ ኦክቶበር 26 ቀን 2022 የ200፣ የ500 እና የ1,000 ናይራ ኖቶች እንደሚቀየሩ፣ አሮጌዎቹም ከጃንዋሪ 31 በኋላ ዋጋ እንደማይኖራቸው አስታወቁ። በገበያ ውስጥ ካለው 3.2 ትሪሊዮን ናይራ 2.7 ትሪሊዮን ያህሉ ከባንክ ውጭ ነው የሚል ምክንያት አቀረቡ። ሕዝቡን ከጥሬ ገንዘብ ማላቀቅም ከግባቸው አንዱ ነበር። ናይጄሪያ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ኢናይራ የተባለውን፣ በአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን የማዕከላዊ ባንክ ዲጂታል ገንዘብ ሥራ ላይ አውላለች። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከተከፈቱት የኢናይራ ቦርሳዎች፣ ማለትም ገንዘቡ ከሚቀመጥባቸው የዲጂታል ሒሳቦች፣ 98.5 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዴም ጥቅም ላይ አይውሉም ነበር።

ካዱና፣ ኮጊና ዛምፋራ የተባሉት ግዛቶች የፌዴራሉን መንግሥት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ፌብሩዋሪ 8 ቀን አሮጌዎቹ ኖቶች ለጊዜው እንዲቀጥሉ አዘዘ። ፕሬዚዳንት ሙሐመዱ ቡሃሪ ከሳምንት በኋላ በቴሌቪዥን ቀርበው የሚቀጥለው የ200 ናይራው ብቻ ነው አሉ። ሰባት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ማርች 3 ቀን በሙሉ ድምፅ ፈረደ፦ በቂ ማስታወቂያ አልተሰጠም፣ ፕሬዚዳንቱ በሕገ መንግሥቱ የተቋቋሙትን ምክር ቤቶች ሳያማክሩ ለብቻቸው ወስነዋል፣ የፍርድ ቤቱን ትዕዛዝም ጥሰዋል፤ ስለዚህ አሮጌዎቹ ኖቶች እስከ ዲሴምበር 31 ሕጋዊ ሆነው ይቆያሉ። ትዕዛዝ የማያከብር ፕሬዚዳንት ያለበት ሥርዓት ዴሞክራሲነቱ በስም ብቻ እንደሚቀርም ዳኞቹ በግልጽ ጻፉ።

ይህን ታሪክ በሰፊው ያነሣሁት እኛም ወደዚያው መንገድ እያቀናን ስለሆነ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አፍርቷል። በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። ዓለም ላይ ያሉ ማዕከላዊ ባንኮች አብዛኞቹ ዲጂታል ገንዘብ እያጠኑ ወይም እየሞከሩ ባለበት ጊዜ፣ የዲጂታል ብር ጥያቄ ዛሬ ባይሆን ነገ ጠረጴዛችን ላይ መቀመጡ አይቀርም። ያን ጊዜ ጉዳዩ የመተግበሪያና የሰርቨር ጉዳይ ተደርጎ፣ በባለሙያዎች መካከል አልቆ፣ በአንድ መመሪያ እንዳይወጣ እሰጋለሁ።

ብዙ ሰው ዲጂታል ብርን ከቴሌብር ጋር አንድ አድርጎ ያየዋል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ሒሳባችን ያለው ቁጥር ድርጅቱ ወይም ባንኩ ለእኛ ያለበት ዕዳ ነው። የወረቀቱ ብር ደግሞ የብሔራዊ ባንኩ ዕዳ ነው፤ አንዴ ከእጃችን ከገባ በኋላ ከእኛና ከምንከፍለው ሰው በስተቀር ማንም መሀል አይገባም። ዲጂታል ብር የብሔራዊ ባንኩ ዕዳነቱ እንዳለ ሆኖ፣ በእያንዳንዱ ልውውጥ መሀል መዝጋቢ የሚያስቀምጥ አዲስ ነገር ነው። መንግሥት በሁለት ሰዎች ግብይት ውስጥ እንዲህ የቀረበበት ጊዜ በገንዘባችን ታሪክ ኖሮ አያውቅም።

ለዚህ ነው ሕገ መንግሥቱን መግለጥ የሚያስፈልገው። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 7 ብሔራዊ ባንክን የማስተዳደር፣ ገንዘብ የማተምና ሳንቲም የመቅረጽ ሥልጣንን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሥልጣኑ የፌዴራል መንግሥት ነው፣ ብሔራዊ ባንክም የመንግሥት ነው፣ ስለዚህ ይቻላል ይባላል። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 10 ግን አለ። የአገሪቱን የፋይናንስና የገንዘብ ፖሊሲ የሚያጸድቀው፣ ስለ አገር ውስጥ ገንዘብ፣ ስለ ብሔራዊ ባንክ አስተዳደርና ስለ ውጭ ምንዛሪ ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል። አርቃቂዎቹ ገንዘብን ለይተው ጠርተው ለምክር ቤቱ የሰጡት በቸልታ አይመስለኝም። ማተምና መቅረጽ የሚሉት ቃላት በ1987 ዓ.ም. የታሰቡት ለወረቀትና ለብረት ነው። በእነዚህ ቃላት ሥር ከፋይንም ተከፋይንም የሚመዘግብ ገንዘብ እናስገባ ከተባለ፣ ያን ማለት የሚችለው ምክር ቤቱ ነው፤ ያውም «በዲጂታል መልክም ሊያወጣ ይችላል» በምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ሳይሆን ዝርዝሩን ራሱ ተከራክሮ።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ አዲሶቹ የብር ኖቶች ሲያስታውቁ አብዛኞቻችን የሰማነው በቴሌቪዥን ነው። ሦስት ወር ተሰጠ፣ ባንኮች ተጨናነቁ፣ የ200 ብር ኖት ተዋወቅን። ያ ለውጥ በዋናው ነገር ላይ እጁን አላስገባም፤ ቀለሙና ምልክቱ ተለወጠ እንጂ ብሩ ያው ብር ነበር። ዲጂታል ብርን በዚያው ልማድ ማስተናገድ ግን አይቻልም።

አሜሪካውያን በዚህ ጥያቄ የተፋጁት ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ነው። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ፣ በ1862 (እ.ኤ.አ.)፣ ወርቅ ያለቀበት መንግሥት ማንም ሰው ለዕዳ ክፍያ እንዲቀበለው የሚያስገድድ የወረቀት ገንዘብ አወጣ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሳልሞን ቼዝ ነበሩ፤ የአንድ ዶላሩ ኖት ላይ የታተመው የራሳቸው ፊት ነው። እኚሁ ሰው በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኑና በ1870 ራሳቸው ያወጡትን ገንዘብ፣ ከሕጉ በፊት ለተገባ ዕዳ ማስገደዱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። በዓመቱ ሁለት አዳዲስ ዳኞች ተጨምረው ፍርዱ በአምስት ለአራት ተሻረ፤ ቼዝ ግን ከአቋማቸው አልተነቃነቁም። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። የሚያስቀናኝ አዲስ የገንዘብ ዓይነት ሲመጣ፣ ያውም ከጦርነት ማግስት፣ ክርክሩ በሕግ አውጪውና በፍርድ ቤቱ ፊት በይፋ መካሄዱ ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭም በጃንዋሪ 2022 ባወጣው የመወያያ ጽሑፍ፣ ከኮንግረሱና ከአስፈጻሚው ግልጽ ድጋፍ ሳያገኝ፣ የተሻለው ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ የወጣ ሕግ ሳይኖረው፣ ዲጂታል ዶላር ወደ ማውጣት እንደማይሄድ ጽፎ ነበር። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 በሰጡት ትዕዛዝ ሐሳቡን ጭራሹን አገዱት። እገዳው ለእኛ ምሳሌ ይሁን አልልም፤ የማዕከላዊ ባንኩ ጥንቃቄ ግን ሊሆነን ይገባል።

ወደ ግላዊነት ጥያቄ ልምጣ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በፖስታ፣ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የምናደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። ይህን መብት መገደብ የሚቻለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ብሔራዊ ደኅንነትን፣ ወንጀል መከላከልንና የመሳሰሉትን ዓላማዎች ባደረገ ዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። ክፍያ በስም አልተጠራም። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በወር ውስጥ ለማን እንደከፈለ የሚያሳይ መዝገብ ከደብዳቤዎቹ የበለጠ ያጋልጠዋል። የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደሄደ፣ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንደሰጠ፣ ለየትኛው ፓርቲ እንዳዋጣ፣ የታሰረ ጓደኛውን ቤተሰብ በስንት ብር እንደደገፈ ሁሉ እዚያ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 የባንክ መዝገብ የደንበኛው የግል ወረቀት አይደለም ብሎ በመወሰኑ፣ አሜሪካውያን እስካሁን በዚያ ጎደሎ ይቸገራሉ። እኛ ያን ጎደሎ ከመነሻው መድፈን እንችላለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ስለ ዳታ በጥቅሉ የወጣ ሕግ መንግሥት ራሱ የሚይዘውን የመላ ሕዝብ የክፍያ መዝገብ ብቻውን ይጠብቃል ብዬ አላምንም።

ከማየት በላይ የሚያስፈራኝ ማስቆም ነው። ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በትግራይ አብዛኛው አካባቢ ባንኮች ተዘግተው፣ ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ገንዘብ ማውጣት አልቻለም ነበር። ሐኪሞች ያለ ደመወዝ ሠሩ፤ ቤተሰቦች ከሌላ ቦታ በእጅ ተይዞ ለሚገባ ብር ከባድ ኮሚሽን ከፈሉ። በጦርነቱ ላይ የትኛውም አቋም ያለው ሰው አንድ ነገር ሊክድ አይችልም፤ ባንኩ ሲዘጋ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር የነበረው የወረቀት ብር ነው። ያ ወረቀት ባይኖርና ብሩ ሁሉ በአንድ ማዕከል ላይ ያለ ቁጥር ቢሆን ኖሮ፣ የሚቋረጠው የባንክ አገልግሎት ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ራሱ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋም የነጋዴውን ቀን ያዳነው ጥሬ ገንዘብ ነው።

ዲጂታል ገንዘብ ከዚህም በላይ ማድረግ ይችላል። ቻይና በኦክቶበር 2020 ሸንጀን ከተማ ውስጥ በዕጣ ለወጣላቸው 50 ሺሕ ሰዎች 200 ዩዋን ዲጂታል ገንዘብ አደለች፤ ገንዘቡን ማውጣት የሚቻለው በአንድ ወረዳ በተመረጡ ሱቆች፣ ያውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ብቻ ነበር። ያልተጠቀመበት ሰው ገንዘቡን ያጣል። ያ ስጦታ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ደመወዝ ሲሆንስ? ጊዜው የሚያልፍ፣ ለተወሰነ ዕቃ ብቻ የሚሆን፣ በአንድ አካባቢ ብቻ የሚሠራ ብር ንብረት ነው ወይስ ኩፖን? አንቀጽ 40 የንብረት ባለቤትነትን ሲያረጋግጥ የመያዝንና የመጠቀምን መብት አብሮ ያረጋግጣልና፣ መልሱ ለሶፍትዌር ሠሪዎች የሚተው አይደለም።

ዲጂታል ብርን የሚደግፉ ሰዎች ነጥብ አላቸው፤ አከብረዋለሁም። ባንክ የማይደርስበት ገጠር ያለች ሴት ያለ ደላላ ገንዘብ ልትቀበል ትችላለች። ከሳዑዲ ወይም ከቤይሩት ለእናቷ የምትልክ ልጅ የምትከፍለው ኮሚሽን ሊቀንስላት ይችላል። ግብር የሚሰውርና ሐሰተኛ ኖት የሚያትም ሰው መውጫ ያጣል። ግን ከእነዚህ ጥቅሞች አንዱም እንኳ መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ የዜጋን ቦርሳ እንዲያይ ወይም እንዲዘጋ አይጠይቅም። ወንጀለኛን መከታተል የፈለገ መርማሪ ዛሬም ለባንክ ሒሳብ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ለዲጂታል ብርም እንዲሁ ይቅረብ።

ምክር ቤቱ እንግዲህ አዋጁን ሲጽፍ በውስጡ ያስቀምጠው የምለው ይኸው ነው፤ ያለ ዳኛ ትዕዛዝ የማንም ቦርሳ አይታገድ፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰበብም ቢሆን የአንድ አካባቢ ሕዝብ በጅምላ አይታገድ፣ በብሩ ላይ የሚያበቃበት ቀን ወይም የአጠቃቀም ገደብ አይጫን፣ ትንንሽ ክፍያዎች ያለ ኔትወርክና ያለ ስም መዝገብ ይፈጸሙ። የወረቀት ብርም ይቆይ፤ ነጋዴም ሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልቀበልም እንዳይል በሕግ ይገደድ። ስሎቫኪያ በጥሬ ገንዘብ የመክፈልን መብት በጁን 2023 በሕገ መንግሥቷ ላይ ጨምራለች፤ እኛ ቢያንስ በአዋጅ ልናስቀምጠው እንችላለን።

አንድ ችግር ይቀራል፤ ከሁሉም የሚከብደኝም እሱ ነው። ናይጄሪያውያንን ያዳናቸው በአንድ ወር የፈረደ ፍርድ ቤት ነው። በእኛ ሥርዓት ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አቤቱታው አስቀድሞ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያልፋል። ቦርሳው ሰኞ የተዘጋበት ሰው ማክሰኞ ለልጁ ምሳ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አዋጁ የታገደበትን ሰው አቤቱታ በመደበኛ ፍርድ ቤት፣ በቀናት በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ የሚያስመረምር ድንጋጌ ሊኖረው ይገባል፤ በተባለው ቀን ውሳኔ ካልተሰጠም እገዳው በራሱ ይነሣ።