ሰርቨሩ 200 («ተሳክቷል» የሚለውን ኮድ) ስለመለሰ ሙከራው አልፏል ማለት አይደለም!

ኧረ የጅማ የሶፍትዌር ሰዎች፣ በዚህ ጉዳይ እንነጋገር እንጂ! የሎድ ቴስት (ሲስተሙ ብዙ ዩዘር ሲመጣበት ይችል እንደሆነ የሚለካበት ሙከራ) ሪፖርት ይቀርባል፦ 500 ዩዘር፣ ኤረር ዜሮ፣ ሁሉም አረንጓዴ። ከዚያ የቀይ ቡና ሰሞን ይገባና የክፍያ ሲስተሙ በጠዋቱ ይወድቃል። ገበሬው ቡናውን አስመዝኖ ብሩን ሲጠብቅ ይውላል።

ለምን መሰላችሁ? የሙከራው ስክሪፕት ሪከርድ የተደረገ ዕለት የነበረውን ቶክን (ሰርቨሩ ለየዩዘሩ የሚሰጠውን ተለዋዋጭ መለያ) ነው አሁንም የሚልከው። ሰርቨሩ አያውቀውም፤ ወደ ሎግኢን ገጽ ይመልሰዋል። የሎድ ቴስት መሣሪያው ጄሜተር ሪዳይሬክቱን ተከትሎ ሄዶ 200 ያገኝና «አለፈ» ይላል። አምስት መቶውም ዩዘር ሎግኢን ገጽ ሲከፍት ነው የዋለው፤ ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ክፍያ አልገባም!

ቶክኑን የሚያስተካክሉትም ቢሆኑ በእጅ ነው፤ ፈልግ፣ ቀይር፣ ፈልግ፣ ቀይር። አዲስ ቢልድ ሲመጣ እንደገና ሪከርድ፣ መሀል ላይ ኔትወርኩ ይቆረጣል ወይ መብራት ይሄዳል፣ እንደገና ከዜሮ። ለዚህ እኮ ነው ኮሪሌሽን ሩል፣ ማለትም ተለዋዋጭ እሴቱን በራሱ የሚተካ ደንብ፣ ያለው! አንድ ሩል ሁለት ነገር ይናገራል፦ እሴቱ ከየትኛው ምላሽ እንደሚወጣ፣ በየትኛው ጥያቄ ውስጥ እንደሚተካ። አንዴ ይጻፋል፣ በየሪከርዱ ራሱ ይሠራል።

ግን ሩሉም በጥንቃቄ ይጻፍ። ከጄሜተር 4.0 ጀምሮ ባውንደሪ ኤክስትራክተር (በሁለት ድንበሮች መካከል ያለውን እሴት ከምላሹ የሚያወጣ) አለ፤ የግራና የቀኝ ድንበር ብቻ ነው የሚፈልገው። የግራ ድንበሩ የፊልዱን ስም ካልያዘ፣ ከገጹ ላይ ያገኘውን የመጀመሪያ ድብቅ ፊልድ ያነሳላችኋል። ማች ነምበሩን (ከተገኙት ስንተኛው ይወሰድ የሚለውን) 1 በሉት፤ 0 ከሆነ በዘፈቀደ ይመርጣል። ዲፎልት ቫልዩውን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ባዶ አትተዉት! እሴቱ ሳይገኝ ሲቀር ቫሪያብሉ የቀድሞውን ዙር እሴት እንደያዘ ይቀጥላል፤ ስህተቱን ማንም አያየውም። «አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉበትና አሰርሽኑ (ምላሹ ትክክል መሆኑን የሚፈትሸው) ይያዘው።

የመተኪያው ወገን የባሰ ነው። እሴቱ «12» ቢሆን፣ በእሴት ብቻ የሚተካ ሩል የገጽ ቁጥሩንም ብዛቱንም ሁሉ 12 ባየበት ይቀይረዋል። ከፓራሜትር ስም ጋር እሰሩት። የዶትኔት ቪውስቴት (የገጹን ሁኔታ የሚይዝ ድብቅ ፊልድ) ከሆነ ደግሞ ኢንኮድ የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ አለበለዚያ የመደመር ምልክቱ ሰርቨሩ ጋ ክፍት ቦታ ሆኖ ይደርሳል። ለሴሽን ኩኪ ሩል አያስፈልግም፣ ኩኪ ማናጀር ይበቃዋል።

የትኛው እሴት ሩል እንደሚፈልግ ለማወቅ ያንኑ መንገድ በሁለት አካውንት ሪከርድ አድርጋችሁ አወዳድሩ። የተለያየው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ጃቫስክሪፕት ብራውዘር ላይ የሚፈጥረው የሰዓት እሴት ግን ከየትም ምላሽ አይወጣም፤ እሱን በታይም ፋንክሽን ነው የምትፈጥሩት።

ከዚያ በ1 ዩዘር 2 ዙር፣ ቀጥሎ በ2 ዩዘር አስኪዱት። ከሎግኢን በኋላ ብቻ የሚታይ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ የደረሰኝ ቁጥር፣ አሰርሽን ውስጥ ይግባ። ይሄ ሳይያዝ ዩዘር መጨመር ዋጋ የለውም።

ሩል ፋይሉም በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ አይቅር! ከኮዱ ጋር ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ውስጥ ይግባ፤ የፊልድ ስም የሚቀይር ዴቨሎፐር በዚያው ኮሚት ሩሉንም ይቀይር።