ይድረስ ለክቡር የበዓል ሰሞን ዋጋ

ለክቡር የበዓል ሰሞን ዋጋ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይጠሩ ስለመምጣትዎ እና ሲሄዱም ተጠቃለው ስላለመሄድዎ

ክቡር ሆይ፣

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ደሞዝ ወጥቶ ዶሮ ሳይገዛ ባለችው አጭር የደስታ ጊዜ ውስጥ ነኝ። ይህች ጊዜ እንዳታመልጠኝ ስለምቸኩል የፊደል ግድፈት ቢያጋጥምዎ ይለፉኝ።

በቅድሚያ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። መቼም እርስዎ ሳይደርሱ ቀርተው አያውቁም። በየአራት ዓመቱ፣ ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን፣ ልደት ከታኅሣሥ 29 ወደ 28 ይመጣል። እኛ ያኔ ግራ ይገባናል። "ዘንድሮ 28 ነው 29?" እያልን ጎረቤት እንጠይቃለን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር እናገላብጣለን። እርስዎ ግን በአንድ ቀን እንኳ ተሳስተው አያውቁም። ባሕረ ሐሳቡን የት ተምረውት ነው?

ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት አለፍ ላለ ጊዜ ጿሚው ዶሮ አይበላም፣ እንቁላል አይነካም፣ ቅቤ አያሸትም። ሥጋ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ። እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ግን ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል ቀን ዶሮ ካልበላ፣ የሆነ ቦታ የተጠራቀመ ዶሮ መኖር አለበት ብዬ አስባለሁ። የት ነው ያለው? እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም።

ሌላም የሚያውቁት ነገር አለ። ይህ ሁሉ ሰው የሚፈስከው በአንድ ሌሊት ነው። ቆሞ አስቀድሶ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ዶሮ ወጥ ነው። "እኔ ጥር 3 ቀን ነው የምፈስከው፣ ያኔ ይረክሳል" የሚል ሰው እስካሁን አልተወለደም። ከተማ ሙሉ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ለአንድ ጠዋት ሲፈልግ እርስዎ ምን ያድርጉ? መሮጥ አያስፈልግዎትም። ቁጭ ብለው ይጠብቁናል፤ እኛው እንመጣለን።

መጣን እንግዲህ። ሾላ ገበያ፣ ዋዜማው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው።

"ስንት ነው?"

"ያዘው እስቲ መጀመሪያ ወንድሜ፣ ክብደቱን እየው።"

እይዘዋለሁ። ደረቱን እዳብሳለሁ፣ ክንፉን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፣ አገላብጬ እመዝነዋለሁ። ስለ ዶሮ የማውቀው አንድም ነገር የለም፤ አባቴ እንዲህ ሲያደርግ ስላየሁ ነው።

"እሺ ስንት?"

ከሺህ ብር በእጅጉ ፈቀቅ ያለ ቁጥር ይጠራል።

"ምነው?"

"ዶላር ጨመረ እኮ።"

ዶሮውን አየዋለሁ። ገብስማ ነው። እግሩ በገመድ ታስሯል። ገጠር ጥሬ ለቅሞ፣ ቆሻሻ ጭሮ ነው ያደገው። ዶላር አይቶ እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከዶላር ጋር የማይዛመድ ነገር ጠፍቷል፤ ቄጤማ ሻጯም የምትጠራው ዶላርን ነው። (ዶሮውን የጫነው አይሱዙ ነዳጅ እንደሚጠጣ፣ ነዳጁም በዶላር እንደሚገባ አልክድም። ግን ዶላሩ በታኅሣሥ 20 እና በታኅሣሥ 27 መካከል ምን እንደሚነካው ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።)

አንድ ዓመት የፈረንጅ ዶሮ ገዝተን ልናመልጥዎ ሞክረን ነበር። ከሱፐር ማርኬት፣ ታጥቦ፣ ተገነጣጥሎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ገና እሳት ሳያየው በሰለ። አማቴ ድስቱን ከፍተው አዩና "ምነው፣ ቸኮለ?" ብለው መልሰው ከደኑት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ይህ ሐሳብ አይነሳም።

ደግሞ ዶሮው ብቻውን ቢመጣ ጥሩ ነበር። ሽንኩርቱን ያስከትላል። ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት እንደማይወፍር ማን እንደነገረዎት አላውቅም፤ በአዘቦቱ ቀን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቀይ ሽንኩርት በዚያ ሳምንት ቀና ብሎ አያናግረንም። እንቁላሉ ይቀጥላል። ብልቱ 12 ነው፣ እንቁላሉም በዚያው ልክ ነው የሚታሰበው። ከዚያ ቅቤው አለ። በዋዜማው አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ ቅቤ በሙሉ ሸኖ ለጋ ነው። ሌላ አገር ላም የለም። አንዲት ሸኖ ይህን ሁሉ ሕዝብ ቅቤ የምታጠግብ ከሆነ፣ የሸኖ ላሞች በስማቸው አደባባይ ይገባቸዋል። እጄ ላይ ጠብ አድርገው እንዳሸት ይሰጡኛል። አሸታለሁ። ይሸታል። ምን እንደሚሸት አላውቅም፤ ራሴን ነቅንቄ እከፍላለሁ።

በጉን ተዉት። በግ ተራ አጠገብ ሳልፍ ስልክ የማናግር መስዬ ነው የማልፈው። መሥሪያ ቤት ቅርጫ አለ፤ እሱም ከደሞዝ በየወሩ የሚቆረጥ የበሬ እቁብ ነው። ዓመት ሙሉ ቆጥበን፣ ዕጣ ተጥሎ፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ሁሌም አጥንት የበዛበት መደብ ነው። ይህ ግን የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የዕድሌ ነው።

አሁን ስለ ባልደረባዎ ላንሳ። ስለ ይሉኝታ። ሁለታችሁ አብራችሁ እንደምትሠሩ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ገበያ ላይ ይቆማሉ፤ እሱ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። በየዓመቱ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እኔና ባለቤቴ ወረቀት ይዘን እንቀመጣለን። "ዘንድሮ ቀለል አድርገን ነው የምናሳልፈው" እንባባላለን። ቢራው ይሰረዛል። አዲሱ መጋረጃ ይሰረዛል። ወረቀቱ ያምራል። ያን ጊዜ ነው ይሉኝታ ከመኝታ ቤት ብቅ የሚለው።

"እንግዳ ቢመጣስ?"

አለቀ። የተሰረዘው ሁሉ ይመለሳል፣ ለስላሳ ይጨመርበታል። በዓሉ ይደርሳል። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ድፎው ይቆረሳል፣ እንግዳ እንጠብቃለን። እንግዳው አይመጣም። የማይመጣውም እሱም ቤቱ ተቀምጦ እኛን እየጠበቀ ስለሆነ ነው። ቢራው እዚያም በሳጥን ቆሟል። ለጥምቀት ይሆናል ብለው ያስቀምጡታል።

ይህ አልበቃ ብሎዎት ሰሞኑን አንድ አዲስ ዘመድ ይዘውብን መጥተዋል። ስጦታ የሚሉት። እኔ ልጅ ሆኜ የገና ስጦታ ማለት ከጫካ የተቆረጠ ቆልማማ ዱላና አንዲት ሩር ነበረች። አባት የሚያወጣው ወጪ ቢበዛ ለተፈነከተ ቅንድብ ፕላስተር ነው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባል ነበር። ጌታው ምን ያስቆጣዋል? ምንም አልከፈለም።

አሁን ከልጄ መዋዕለ ሕፃናት ወረቀት ይመጣል። ልጅዎ ቀይ ልብስ ለብሶ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ይዞ፣ ከገና አባት ጋር ለሚነሳው ፎቶ ደግሞ ገንዘብ ይዞ ይምጣ ይላል። የገና አባት የተባለውም ልጅ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ የጥጥ ጺሙን አጥልቆ ላቡ እየተንጠባጠበ ቆሟል። ቦሌ ያሉት ሕንፃዎች ደጃፍ የፕላስቲክ ዛፍ ቆሞ በላዩ ጥጥ ተበትኗል። በረዶ መሆኑ ነው። እኛ አገር በረዶ የሚታወቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው፤ ያኔም ማንም ስጦታ አይሰጥም፣ ባልዲ ነው የሚፈለገው።

ቢሮም ገብቷል ይህ ነገር። ስም በወረቀት ይጻፍና ዕጣ ይወጣል፣ ለደረሰህ ሰው ስጦታ ትገዛለህ። ዋጋው ከዚህ በታች እንዳይሆን ተብሎ ይወሰናል። ሁሉም ሰው ኩባያ ይገዛል። ሁሉም ሰው ኩባያ ይደርሰዋል። ቤቴ ያለው ኩባያ ልቅሶ ቤት ያስተናግዳል። አምና ከተሰጠኝ አንዱን አሽጌ ለሌላ ሰው ሰጠሁት፤ ዘንድሮ ሦስት ቢሮ ዞሮ እንደማይመለስልኝ ምን ዋስትና አለኝ?

ስጦታ የቆየ ነገር ነው፣ ሰብአ ሰገልም ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው መጥተዋል ብለው እንደሚከራከሩኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ግን እነሱ ነገሥታት ነበሩ፣ ደግሞም የሄዱት አንዴ ነው። በዛሬው የወርቅ ዋጋ ቢሆን ሦስቱም ተማክረው ዕጣን ብቻ ይዘው ይመጡ ነበር። የተወለደውም በበረት ነው። መጋረጃ መቀየሩን ማንም አልጠየቀም።

ክቡር ሆይ፣ ፓስፖርት ሳይኖርዎ ውጭ አገርም እንደሚደርሱ ሰምቻለሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ሁለት ገና ነው ያለበት። ልጆቹ እዚያው ስለተወለዱ ዲሴምበር 25 ዛፍ ሥር የታሸገ ነገር ካላገኙ ቤቱ ለቅሶ ቤት ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 መሆኑ ነው፤ እሱ ገና እየጾመ ነው። ሽምብራ ፍትፍቱን እየበላ የአሻንጉሊት ካርቶን ይከፍታል። ክሬዲት ካርዱ ሳያገግም ጃንዋሪ 7 ይመጣና ዶሮው፣ እንጀራው፣ ለአለቃ ሰበብ ፈጥሮ ፈቃድ መጠየቁ ይቀጥላል። በሁለቱ መሐል ደግሞ የእኛ ስልክ አለ። "እንዴት ነህ? ልጆቹ ደህና? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል?" እንለዋለን። ስለ ብርዱ ታኅሣሥ ላይ ብቻ የምንጠይቀው ለምን እንደሆነ አልጠፋውም። ቤሩትና ሪያድ ሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችንም ለበዓል ብለው ይልካሉ። እነሱ በዚያን ቀን የሰው ሳሎን ሲጠርጉ ነው የሚውሉት። እርስዎ ከእነሱም ይካፈላሉ። እዚህ ላይ መሳቅ ትንሽ አቃተኝ፤ ልለፈው።

በቴሌቪዥን ግን ጎበዝ ነዎት። በየዓመቱ ጋዜጠኛዋ ማይክ ይዛ ገበያ መሐል ትቆማለች። "የዘንድሮ ገበያ እንዴት ነው?" ትላለች። አንዲት እናት "ኧረ እሳት ነው!" ይላሉ። ቀጥሎ ክራቫት ያደረገ ኃላፊ ይቀርብና በቂ አቅርቦት እንዳለ፣ በእሁድ ገበያና በሸማቾች ማኅበራት በኩል ዝግጅት እንደተጠናቀቀ ይናገራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አቅርቦቱ አለ፤ እዚያው ቆሞ ያየናል። እርስዎ ግን ለቃለ መጠይቅ ቀርበው አያውቁም። አንድ ቀን ቢቀርቡ እኮ ሕዝቡ ፊትዎን ለይቶ ያውቀው ነበር።

በበዓሉ ማግሥት ደግሞ ይሄዳሉ ይባላል። እኔ ግን ተጠቃለው ሲሄዱ አላየሁም። ሽንኩርቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዶሮው ትንሽ ይለዝባል፤ ቅቤው ግን እዚያው የወጣበት ይቀራል፣ "አምና ስንት ነበር?" የሚል ሰው እስኪጠፋ ድረስ። ደግሞስ የት ይሄዳሉ? ጥር 11 ጥምቀት ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ ተተርቶልዎታል፤ ልብስ ሰፊው ቀድሞ ነው መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ የሚያጠልቀው። ጾመ ነቢያት ባለቀ በሳምንቱ ጾመ ደሞዝ ይገባል። እሱ ፍስክ የለውም፣ ቅዳሜና እሁድም ይጾማል። የጥር ወር ደግሞ እንደሌሎቹ 30 ቀን ነው ይባላል። ይህን የሚለው ተከራይቶ የማያውቅ ሰው ነው።

እንግዲህ የምጠይቅዎ ትልቅ ነገር አይደለም። ይቅሩ አልልም፤ እርስዎ ከቀሩ በዓሉ የመጣ አይመስለንም፣ በማን እናማርራለን? ዘንድሮ ግን አንድ ቀን ዘግይተው፣ ታኅሣሥ 30 ጠዋት ቢመጡልንስ? ወጡ በልተን ጨርሰን፣ ቡና አፍልተን እንጠብቅዎታለን። ኩባያ ሞልቷል።

ከሰላምታ ጋር

አንድ የቤት አባወራ
(ማኅተም የለንም)

ግልባጭ፦
ለእቁባችን ዳኛ (ዕጣዬ ከጥምቀት በፊት እንዲወጣ በትሕትና እየጠየቅሁ)
ለአከራዬ (የጥር ኪራይ ሊዘገይ ስለሚችል ለግንዛቤ ያህል)
ለፋሲካ ሰሞን ዋጋ (ዘመድዎ ስለሆነ፣ ከአሁኑም መዘጋጀት እንደጀመረ ስለምናውቅ)