ቅጠል ያለው ሁሉ ጫካ አይደለም

የኢንዶኔዥያው ፕሬዚዳንት ፕራቦዎ ሱቢያንቶ በ2024 መጨረሻ የተናገሩት ነገር እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የዘይት ፓልም እርሻችንን እናስፋ፣ ደን ጨፈጨፋችሁ መባልን አንፍራ አሉ። ምክንያታቸው ፓልምም ዛፍ ነው፣ ቅጠል አለው፣ ካርቦን ይስባል የሚል ነው። በታኅሣሥ 2025 ደግሞ የፓፑዋን ባለሥልጣናት ቤተ መንግሥት ሰብስበው ፓፑዋም ላይ ፓልም ይተከል፣ ከዘይቱ ነዳጅ ይሠራ አሉ። (ፓፑዋ የአገሪቱ ምሥራቃዊ ጫፍ ናት፤ የኒው ጊኒ ደሴት ምዕራባዊ ግማሽ።) ሌላዋን የአገሪቱን ደሴት ሱማትራን ጎርፍ አጥለቅልቆ ከሺህ በላይ ሰዎችን ከገደለ ገና ወር አልሞላውም ነበር።

አንድ ወዳጄ ዜናውን አጋርቶ «ታዲያ ልማት አይደል? ዕድሜ ልካቸውን ጫካ ይኑሩ?» ብሎ ጻፈበት። ብዙ ሰው ተስማማለት። እኔ አልተስማማሁም። መልሴ ረዘም ስለሚል እዚህ ይሁን።

ከዛፉ እንጀምር። አዎ፣ ፓልም ቅጠል አለው። ባሕር ዛፍም ቅጠል አለው። ባሕር ዛፍ ሥር ምን እንደሚበቅል የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ዓይነት ተክል በመስመር የተደረደረበት መሬት እርሻ ነው። እርሻን ጫካ ብሎ መጥራት ስህተት ብቻ አይደለም። እዚያ ጫካ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ንቀት ነው።

ደቡብ ፓፑዋ፣ ቦቨን ዲጉል አውራጃ፣ የአውዩ ሕዝብ የሚኖርበትን አገር ተመልከቱ። ሰዉ ከወንዙ ዓሣ ያወጣል፣ ከጫካው አሳማ ያድናል። ዋናው ምግቡ ግን ሳጎ ነው። ሳጎ ረግረግ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ እሱም ከፓልም ዘር ነው። ከ10 ዓመት በላይ ይቆይና አበባ ሊያወጣ ሲል ይቆረጣል። ካበበ ግንዱ ውስጥ ያጠራቀመውን ሁሉ ይጨርሰዋልና። ግንዱ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ይፈቀፈቃል፣ የተፈቀፈቀው በውሃ እየታጠበ ይጨመቃል። ከዚያ ነጩ ነገር ከሥር ይዘቅጣል።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ የታየኝ የእናቴ ጓሮ ነው። የጉራጌ ልጅ ነኝ። እናቴና ጎረቤቶቿ ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ አድጌያለሁ። ከጭማቂው ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ነው። የቡላ ገንፎ በቅቤ የበላ ሰው ፓፑዋዎች ከሳጎ የሚያገነፉትን ፓፔዳ አይቶ አይገረምም። ዓለም ተራርቆ ሁለት ሕዝብ ከግንድ ውስጥ ምግብ ማውጣት አውቋል። ለዚህ ነው ነገሩ እንደ ሩቅ አገር ወሬ የማይታየኝ።

እንሰት ለእኛ ምን ማለት ነው? ባንክ ነው። ዝናብ ቢቀር ቆሞ ይጠብቃል። «ሰባ ሰባት» የምንለው ድርቅ አገር ሲፈጅ እንሰት የሚበላው አካባቢ የተሻለ እንደተቋቋመው ትልልቆቹን ጠይቁ። ሳጎም እንደዚያው ነው። ከአንድ ደህና ግንድ ከኩንታል በላይ ዱቄት ይወጣል። ትልቁ ሲቆረጥ ከጎኑ የበቀሉት ይተኩታል። ማዳበሪያ አይገዛለትም፤ ብድር አይገባበትም። አባት ያየው ቡቃያ ለልጅ ይደርሳል። የትኛው ዛፍ የትኛው ጎሳ እንደሆነም ይታወቃል። ውጭ ያለ ሰው «ባዶ ጫካ» ብሎ የሚያልፈው ቦታ ባለቤት አለው።

ፓልሙስ? ፍሬው ተቆርጦ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መጭመቂያ ፋብሪካ ካልገባ ዘይቱ ይበላሻል። ፋብሪካው የማን ነው? መኪናውስ? ዋጋውን የሚቆርጠውስ ማን ነው? ፋብሪካው «ዛሬ አልቀበልም» ባለ ቀን የመንደሩ ሰው ያን ሁሉ ፍሬ ምን ያደርገዋል? ሳጎ ይቆይልሃል። ፓልም ያጣድፍሃል፣ ወደ አንድ ገዢ በር ብቻ ይነዳሃል። ደግሞም ሳጎ ረግረግ ይወዳል፤ ለፓልም ግን ረግረጉ በቦይ ተመጥጦ ይደርቃል። 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ያረጀው ፓልም ይገነደሳል። ያኔ የሳጎው ረግረግ ወዴት ይገኛል? ይህ ነው እንግዲህ ለመንደሩ የመጣለት ተስፋ! የበላተኛውን ማዕድ አንስቶ የቀን ሠራተኛ ማድረግ።

«ዕድሜ ልካቸውን ጫካ ይኑሩ?» ለሚለው መልሱን እነሱ ራሳቸው ሰጥተዋል። ሄንድሪኩስ ዎሮ የሚባሉ የአውዩ ሰው በጎሳቸው መሬት ላይ ለአንድ የፓልም ኩባንያ የተሰጠውን የ36,094 ሄክታር ፈቃድ በ2023 ከሰሱ። የአዲስ አበባን ሁለት ሦስተኛ የሚያህል መሬት ነው። ተሸነፉ። ይግባኝ አሉ፤ ተሸነፉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። በግንቦት 2024 ሕንፃው ደጃፍ ላይ በባህል ልብሳቸው ሆነው ጨፈሩ፣ ጸለዩ። ዓለም «ዓይን ሁሉ ወደ ፓፑዋ» እያለ ተቀባበለው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ይፋ የሆነው ውሳኔ ግን ክሱ ከ90 ቀኑ የጊዜ ገደብ አልፏል የሚል ነው።

90 ቀን! ፈቃዱ የተፈረመው ጃያፑራ ነው፣ በደሴቲቱ ሰሜን ጠረፍ። የአውዩ መንደር በደቡብ ነው። በመሃሉ የተራራ ሰንሰለት አለ። ከዳኞቹም አንዱ በውሳኔው እንደማይስማሙ ገልጸዋል። አያት ቅድመ አያቱ በኖረበት መሬት ላይ ቢሮ ውስጥ የተፈረመን ወረቀት በ90 ቀን ውስጥ ሰምተህ፣ ጠበቃ ፈልገህ፣ ከስሰህ ካልተገኘህ አለቀልህ ማለት ፍርድ አይደለም። በር መዝጋት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቦታው ነው። ኢንዶኔዥያን ቅኝ ይገዙ የነበሩት ኔዘርላንዶች በ1927 የነፃነት ታጋዮችን ያጎሩት እዚያው ቦቨን ዲጉል ነበር። ጫካውና ወባው አጥር ሆኑላቸው። ኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ሞሐመድ ሃታ በ1935 ወደዚያ ተግዘዋል። ከዚያ ምድር ነፃነትን የተማረ መንግሥት ዛሬ ለባለቤቶቹ ቀን ይቆጥርባቸዋል።

ጫካ ገነት ነው አላልኩም። በ2017 እና 2018 አጎራባቹ አስማት አውራጃ ውስጥ ከ70 በላይ ሕፃናት በኩፍኝና በምግብ እጥረት አልቀዋል። ይህ ያማል። ግን የኩፍኝ ክትባት ለማድረስ ጀልባ፣ ነርስና ማቀዝቀዣ እንጂ ፓልም አያስፈልግም። «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚል ካለ ከአስማት ጋር ድንበርተኛ የሆነውን ሚሚካን ይይ። ከዓለም ትልልቅ የወርቅና የመዳብ ማዕድኖች አንዱ ግራስበርግ እዚያ ነው። አካባቢው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተቆፍሯል። ፓፑዋ ግን ዛሬም ከአገሪቱ ድሃ አካባቢዎች ተርታ ናት። ከመሬት ሀብት ስለወጣ ብቻ መንደር የሚያልፍለት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ባለፈለት ነበር።

እዚያው ደቡብ ፓፑዋ ያለችው የሜራውኬም ነገር ይኸው ነው። በ2010 የአገር ጎተራ ትሆናለች ተባለ። በ2015 ሌላ ፕሬዚዳንት ደገመው። አሁን ደግሞ ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ለሸንኮራ አገዳና ለሩዝ ታስቧል፤ ኤክስካቫተሮቹ ገብተዋል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የማሪንድ ሰዎች በየጫካቸው ቀይ ቀለም የተቀባ መስቀል እየተከሉ «ይህ የኛ ነው» ይላሉ። እኛ ይህን ታሪክ እናውቀዋለን። ጋምቤላ ላይ የሕንዱ ኩባንያ ካሩቱሪ በርካሽ ኪራይ 100 ሺህ ሄክታር ወስዶ ጥቂቱን እንኳ በወጉ ሳያለማ በ2015 መጨረሻ ውሉ ተሰረዘ። ያን ጊዜም የተባለው «ልማት ነው» ነበር።

ደግሞ የኛም ድስት አለበት። ኢንዶኔዥያ በሚያዝያ 2022 የፓልም ዘይት አልሸጥም ስትል እዚህ ሸማቾች ማኅበር በር ላይ በጄሪካን የተሰለፍነው ሰዎች ተደናግጠን ነበር። ስለዚህ «ምን አገባህ?» አትበሉኝ።

ሌላ መንገድ የለም የሚባለውም ውሸት ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2013 የነባር ማኅበረሰብ ደን የመንግሥት ደን አይደለም ብሎ ወስኗል። በፓፑዋ ምዕራብ፣ ደቡብ ሶሮንግ አውራጃ ውስጥ የክናሳይሞስ ሰዎች በ2024 ከ97 ሺህ ሄክታር በላይ የአባቶቻቸው መሬት በአውራጃው አስተዳዳሪ ፊርማ ታውቆላቸዋል። ሳጎአቸው ቆሟል፤ ከጫካው ሙጫም ይሰበስባሉ። የፈጀው ብዙ ዓመት ክርክርና አንድ ፊርማ ነው። ለአውዩም ይህንኑ ፈርሙላቸው። ከዚያ ነርሷን ላኩ።