ከሥራ የተሰናበተ ሰው መብቱን ያጣው በሕጉ ነው ወይስ በዝምታው?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ ሥራ ያጣ ሠራተኛ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ መተዳደሪያ እንዲኖረው አሁን ያለው ሕግ በቂ ነው።

ደጋፊ (በደብረ ማርቆስ ጠበቃ)

ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም የተሰናበቱ ሠራተኞች ቢሮዬ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ግን የሚመጡት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ጥፋቱ ለተቀነሰ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ደንግጓል። ለመጀመሪያው ዓመት፣ የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይታከላል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ለቅነሳው ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በቀን 200 ብር እያገኘ 6 ዓመት ያገለገለ ሰው ሲቀነስ 28,000 ብር ይገባዋል ማለት ነው። የሚከፈለውም በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ክሱ ግን በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል 3 ወር ብቻ አለው። ሕጉ አልጎደለም። ሠራተኛው ወረቀት አያነብም።

ተቃዋሚ (በባሕር ዳር ሆቴል ምግብ አብሳይ የነበረች)

ወንድሜ፣ እኔ አንብቤያለሁ። ሆቴሉ እንግዳ ሲያጣ መጀመሪያ የተቀነስኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዞ የመጣው ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ነው። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የሚገባኝን ክፍያ ሁሉ ተቀብያለሁ» ይላል። የተቀበልኩት የወሩን ደመወዝ ብቻ ነበር። ፈረምኩ። ባለቤቱ እናቴ ስታርፍ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው፤ በምን ዓይኔ አይቼው ልክሰሰው? ከእኔ በኋላ ዘጠኝ ሰዎች በየተራ ፈረሙ።

ደግሞስ የስንብት ክፍያ ያለፈው ድካሜ ዋጋ እንጂ ሥራ ፈትቼ ለምቀመጥበት ጊዜ ቀለብ ነው? አንዴ ተቆጥሮ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ አግኝተሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዝ 1 በመቶ፣ 1 በመቶ የሚያዋጡለት፣ ሥራ ላጣ ሰው የሚከፍል ፈንድ አለ። እኛ ዘንድ ለጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል፤ ሥራ ላጣ የሚከፈል ወርኃዊ ድጎማ ግን የለም። የሰፈሬ እድርም የሚከፍለው ለሞተ ነው።

ደጋፊ

እህቴ፣ «በምን ዓይኔ አይቼው» ያሉት ነው ነገሩን የጨረሰው። የስንብት ክፍያዎን ለይሉኝታ ሰጥተዋል። ለቅሶ መድረስ የጎረቤት ወግ ነው፤ ደመወዝ መክፈል ግዴታ ነው፤ አንዱ በሌላው አይካካስም። ክፍያውን ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊወስንበት ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ዝም ሲል ከኋላው የተሰለፉትም ዝም ይላሉ። ዘጠኙ የፈረሙት የእርስዎን ፊርማ አይተው ነው።

ተቃዋሚ

ቅድም ሠራተኛው አያነብም አሉ፤ አሁን አንብባ ፈረመች ይላሉ። የቱን ልመልስ? ስለ ፈንዱ የጠየቅሁዎትንም ዘለሉት።

ዘጠኙን በእኔ ላይ መጫንዎ አሳዝኖኛል። ይሉኝታ የሚሉት የነገ እንጀራዬ ነው። የባሕር ዳር ሆቴል ባለቤቶች ይተዋወቃሉ፤ ሌላ ቦታ ሥራ ስጠይቅ የሚደወለው ለቀድሞው አሠሪዬ ነው። ተከራይቼ የምኖር፣ ሁለት ልጅ የማስተምር ሴት ነኝ። ከተሰናበትኩ ጀምሮ እህቴ ጤፍ እየሰጠችኝ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ከምጣዱ ተነሥቼ የትኛውን ቀን ለችሎት ልስጥ? በየወሩ ጥቂትም ቢሆን የሚገባ ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ ሰውየውን ለመክሰስ ድፍረቱም አቅሙም ይኖረኝ ነበር።

ደጋፊ

የሥራ ልምድ የምስክር ወረቀት አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ስለዚህ…

ተቃዋሚ

ስለ ወረቀት አላወራሁም፤ ስለ ስልክ ነው።

ደጋፊ

ስልኩን ሕግ አይከለክለውም፤ እውነት ነው። እኔን ግን አሁን የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። ከተሰናበቱ ስንት ወር ሆነዎት? ከዘጠኙስ 6 ወር ያልሞላው አለ? የፈረሙበትን ወረቀት ቅጂና የደመወዝ ማስረጃ ይዘው ይምጡ፤ የፈረመ ሰው ክፍያውን በእርግጥ እንዳልተቀበለ በምስክር ጭምር እንከራከራለን። የጥብቅና ክፍያ አልጠይቅም።

ተቃዋሚ

እኔ ሰባት ወር አልፎኛል። ዕቃ አጣቢው ልጅ በመጨረሻ ስለተቀነሰ አምስት ወሩ ነው፤ አስተናጋጇም እንዲሁ። ሁለቱን ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ደብረ ማርቆስ እሳፍራቸዋለሁ። ሲመጡ ግን ወረቀት አያነቡም እንዳይሏቸው፤ ልጁ 12ኛ ክፍል ጨርሷል።