ስለ አብራም ጋኒባል አንድ እርማት

ሰላም ወንድሜ፣ «የፑሽኪን አያት ጄኔራል ጋኒባል ኢትዮጵያዊ መሆኑን በራሱ እጅ ጽፏል» ብለሃል። እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ግን አልጻፈም። በ1742 እ.ኤ.አ. የመኳንንት ማዕረግ እንዲሰጠው ለሩሲያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ ያቀረበው ማመልከቻ አለ። እዚያ ላይ ከአፍሪካ መሆኑን፣ በአባቱ ግዛት «ላጎን» በምትባል ከተማ መወለዱን ይናገራል። በቃ። የአገር ስም የለም። አቢሲኒያ የምትለዋ የመጣችው አማቹ በጀርመንኛ ካዘጋጀው የሕይወት ታሪክ ነው። አንዳንዶች ላጎንን ኤርትራ ውስጥ ፈልገዋታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ካሜሩን ያለችው ሎጎን ናት፤ ስሙ ቁልጭ ብሎ ይገጥማል።

ደግሞ አያቱ ሳይሆን ቅድመ አያቱ ነው። ጋኒባል ኦሲፕን ወለደ፣ ኦሲፕ ናዴዥዳን፣ ናዴዥዳ ፑሽኪንን።